ይሉኝታን ቦሌ ጥሉት
ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ ዋሽንግተን ለሚገባ ቤተሰብ፣ ስለ መጀመሪያዋ ቀን

ቪዛው ተመቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል። «እንኳን ደስ አላችሁ» ሊል የገባ ጎረቤት ሁሉ ሲወጣ አንድ ፌስታል ትቶ ይሄዳል፤ አንዷ በርበሬ፣ አንዱ ማር፣ ሌላዋ «ለእኅቴ ልጅ አድርሱልኝ» ያለችው ሁለት ኪሎ ሽሮ። ቤቱ የሠርግ ዋዜማ መስሏል። እኔ ያለሁት በሌላው ጫፍ፣ በተቀባዩ ወገን ነው። ከምዕራብ ጎጃም የሚመጡ እናት አባቶችን፣ የራሴንም የሰውንም፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ስጠብቅ ብዙ ጠዋት አሳልፌያለሁ። ከዚያ ቆሜ ያየሁት ይህን ነው፦ የመጀመሪያዋን ቀን የሚያበላሻት እንግሊዝኛ አለማወቅ ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

በእኛ አገር እንግዳ «ብላ» ሲባል «በቃኝ» ይላል። «በሞቴ» ይባላል፤ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። ሦስተኛው ላይ እጁን ይሰዳል። ሕጉን ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይራብም። ከቦሌ ወዲያ ግን «በሞቴ» የሚል የለም። አንዴ ትጠየቃላችሁ፤ እጃችሁን ካወዛወዛችሁ የምግቡ ጋሪ ያልፋል፣ ተመልሶም አይለምናችሁም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቢጠፋችሁ ይችን ያዙ፦ የምትፈልጉትን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተናገሩ።

ቀኗ የምትጀምረው ቡሬ መናኸሪያ ነው

ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ጅጋ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፤ ከዚያ አባይ በረሃን ወርዶ ጎሐ ጽዮን መውጣትና አዲስ አበባ። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአንድ ቀን ያልቃል። ሁልጊዜ ሰላም እንዳልሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በረራው ሐሙስ ከሆነ ሰኞ አዲስ አበባ ግቡ። ዘመድ ቤት ሁለት ሦስት ሌሊት መጨናነቅ፣ አውሮፕላን አምልጦ አዲስ ትኬት ከመግዛት ይረክሳል።

አዲስ አበባ እንደገባችሁ ትኬቱን አውጡና ሰዓቱን ከሰው ጋር ሆናችሁ አንብቡት። የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 22:15 ካለ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ15 ማለት ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ የእኩለ ሌሊቱ ነው። የፈረንጅ ቀን የሚለወጠው በእኛ 6 ሰዓት ሌሊት ላይ ነው። «ሐሙስ 00:40» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ረቡዕ ማታ፣ ለሐሙስ አጥቢያ ቦሌ መገኘት አለበት። ሐሙስ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ከመጣ አውሮፕላኑ አንድ ቀን ቀድሞታል።

ቀጥሎ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ አጥኑ። ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «በጃንሆይ ጊዜ፣ የመኸር ሰሞን» ተወልዶ ያደገ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የተሞላለትን የፈረንጅ ቀን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ስምም እንዲሁ ነው። ፈረንጅ አንድ ቤተሰብ አንድ የቤተሰብ ስም አለው ብሎ ያስባል። በእኛ ግን ባል በአባቱ ስም ይጠራል፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጅም በአባቱ፤ ሦስት ሰው ቆሞ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይቆጠራል። ዝምድናችሁን ቢጠይቋችሁ አትደንግጡ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቱን፣ ከነትርጉሙ፣ በእጅ ቦርሳ ያዙ።

አሁን ወደ ፌስታሎቹ እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ለአንድ ሰው 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሻንጣ ይፈቅዳል። ሦስት ሰው ከሆናችሁ 138 ኪሎ ነው፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን ጎረቤት ከሰማ ይሞላል። የሰው አደራ መያዝ ነውር የለውም። ነውሩ ተሰፍቶና ተጠቅልሎ የመጣን ነገር «ብፈታው ይቀየሙኛል» ብሎ እንዳለ መጫን ነው። ሻንጣውን ራሳችሁ መክተታችሁን ትጠየቃላችሁ፤ መልሱ «አዎ» መሆን አለበት፣ እውነትም መሆን አለበት። ፌስታሉን በባለቤቱ ፊት ፍቱት፣ እዩት፣ ራሳችሁ መልሳችሁ እሰሩት። አንድ ሰው በአደራ መሃል ጫት ቢከትባችሁ በአሜሪካ ሕግ ተጠያቂው ተሸካሚው ነው።

ቋንጣ አይገባም፤ ሥጋ ያለበት ነገር በሙሉ አይገባም። ትኩስ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ የሚዘራ እህልም ቤት ይቅር። ቅቤው የከብት በሽታ ካለበት አገር እንደመጣ የወተት ውጤት ስለሚታይ ጥያቄ ያስነሳል፤ በእኔ ግምት ቢቀር ይሻላል። የተፈጨ የቡሬ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ቡና አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልፋሉ። ጤፍ መሸከም ግን ልፋት ብቻ ነው፤ እዚያው አሜሪካ፣ አይዳሆ በሚባለው ግዛት ይበቅላል፣ እንጀራውም በየሐበሻ ሱቁ ተደርድሯል።

አየር ላይ

በረራው ብዙ ጊዜ ማታ ተነስቶ ጠዋት ዋሽንግተን የሚገባ ነው፤ ፀሐይን እየተከተላችሁ ወደ ምዕራብ ስለምትሄዱ ሌሊቱ ይረዝማል። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ከእጃችሁ አይለይ፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ከታች ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ያደረባቸው አባቶች አይቻለሁ። ጫማ ሰፋ ያለ ይሁን፣ እግር ያብጣል። በየሁለት ሰዓቱ ተነስታችሁ መተላለፊያውን ተመላለሱ፤ ሰው ማስነሳት ይከብደኛል ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ተኮራምቶ መቀመጥ ለደም ሥር አደገኛ ነው። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ከበረራው አስቀድሞ ይታዘዝ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከባድ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ ወደ አሜሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት የሚያርፍበት ጊዜ አለ። ካረፈ ሻንጣ አታውርዱ፣ ጋቢ አትጠቅልሉ። ጎረቤታችሁን «ዋሽንግተን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዳለስ

ዋሽንግተን የምትገቡበት ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ በ1962 በፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈተ ነው፤ የዚያ ዘመን የሆነ እንግዳ ነገርም አስቀርቷል። ከአውሮፕላኑ ስትወጡ ግዙፍ ጎማ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ክፍል ውስጥ ትገቡ ይሆናል። ክፍሉ ይንቀሳቀሳል፣ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ዋናው ሕንጻ ይወስዳችኋል። ሌላ አውሮፕላን አይደለም፤ ዘና በሉ።

ለዕድሜ ባለጠጎች አንድ ምክር፦ ከበረራው አስቀድማችሁ ዊልቸር አስመዝግቡ። ክፍያ የለውም። «እኔ ሽባ ነኝ ወይ?» የሚለውን ኩራት አውቀዋለሁ፤ አባቴም ይህንኑ ብሎ ነበር። ዊልቸሩ ግን ለጉልበት ብቻ አይደለም። የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቃል፣ ሻንጣ ያነሳል፣ ሰልፉን ያሳጥራል። ደግሞ ዳለስ ውስጥ የሚሠራው ሐበሻ ብዙ ነው። የሚገፋችሁ ሰው «እንደምን አላችሁ፣ ከየት ነው የመጣችሁት?» ቢላችሁ አትገረሙ።

ከኢሚግሬሽን መኮንኑ ፊት አሻራና ፎቶ ትሰጣላችሁ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ለምን መጣችሁ፣ ማን ጋር ታርፋላችሁ፣ ስንት ጊዜ ትቆያላችሁ። መልሱም አጭር ይሁን። «ልጄን ልጠይቅ፤ ሁለት ወር።» በጎጃም አነጋገር ከልጁ መወለድ ጀምሮ መተረክ አያስፈልግም። ያልገባችሁን ጥያቄ ግን በአክብሮት ራስ እየነቀነቃችሁ አትለፉ፤ ምን ላይ «አዎ» እንዳላችሁ አታውቁትም። «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ይፈለግላችኋል። እግረ መንገዴን፦ እኛ አየር ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ» ለፈረንጅ የድንጋጤ ድምፅ ናት። አንድ መኮንን «ሴትዮዋ አሟቸዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። ቃል አውጥታችሁ «የስ» በሉት።

መኮንኑ የሚሰጠውን የመቆያ ቀን ልጃችሁ በዚያው ሳምንት ያጣራላችሁ። አገሩን ለቃችሁ መውጣት ያለባችሁ እስከዚያ ቀን ድረስ ነው፤ ቪዛው ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ጉምሩክ። ምግብ ይዛችሁ እንደሆነ ስትጠየቁ «አዎ፣ ይዘናል» በሉ። አሳውቃችሁ የተከለከለ ነገር ቢገኝ ይጣላል፣ አለቀ። ደብቃችሁ ቢገኝ ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል። አንድ ቁራጭ ቋንጣ ለዚህ አይበቃም።

በሩ ሲከፈት ልጃችሁ ቆሟል። አልቅሱ፣ እልል በሉ፣ መሬት ሳሙ፤ የሚከለክል ሕግ የለም። መኪናው ውስጥ ግን ሕግ አለ። ከኋላም ብትቀመጡ ቀበቶ ማሰር ነው፤ ሕፃን ታቅፎ መሄድ አይቻልም። በሜሪላንድ ግዛት ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ ቁመቱ በጣም ካልረዘመ በቀር፣ የራሱ የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል። ታናሹን ይዛችሁ ከመጣችሁ ለተቀባዩ ቀድማችሁ ዕድሜውን ንገሩት። ልጃችሁ ከሥራ መቅረት ካልቻለ ደግሞ ከኅዳር 2022 በፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ የከተማው ባቡር እስከ ዳለስ ድረስ ይመጣል፤ ግን ለመጀመሪያ ቀን፣ ስድስት ሻንጣ ተሸክሞ፣ እኔ አልመክርም። ዘመድ ይለመን።

ሰዓታችሁን አትጣሉት

ይህን ማንም አይነግራችሁም። ዋሽንግተን በበጋዋ ከኢትዮጵያ 7 ሰዓት፣ በክረምቷ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ልዩነቶች ይጣፋሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ በሐበሻ የሞላችሁትን የእጅ ሰዓት አንድ ሰዓት ብቻ ወደ ኋላ ብትመልሱት (በክረምታቸው ሁለት) የዋሽንግተን ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ቁጭ አድርጎ ያነበዋል። አባቴ ይህን ሲያውቅ ፈረንጅን ያሸነፈ ያህል ደስ ብሎት ነበር። ሰዓቱን እንዳለ ተወው፤ ግድግዳው 8 ሲል የሱ 9 ይላል፣ አገር ቤት 9 ሰዓት ከቀኑ እንደሆነ ያውቃል።

ቤት ስትደርሱ

አብዛኛው ሐበሻ የሚኖረው ከራሷ ከዋሽንግተን ይልቅ ዙሪያዋን ባሉ ከተሞች ነው፤ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ። ቤቱ ምናልባት ትልቅ ሕንጻ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። ገብታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት ልጃችሁን ይህን አሳየን በሉት፦ ምድጃው እንዴት እንደሚጠፋ፣ የመታጠቢያው ሙቅ ውኃ በየት ዞሮ እንደሚመጣ፣ በሩ ሲዘጋ ራሱ እንደሚቆለፍ ወይም እንደማይቆለፍ። ጋቢ ለብሶ ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዓት የቆመ ሰው አውቃለሁ። በር ማንኳኳት አፍሮ ነው። የቧንቧ ውኃው ይጠጣል።

ከሁሉ በላይ ጣሪያው ላይ ያለችውን ክብ ነጭ ነገር ተዋወቁ። የጭስ ማስጠንቀቂያ ናት። ቡና መቁላት አትወድም፤ ዕጣን ከቶ አትችልም። ትጮኻለች፤ በአንዳንድ ሕንጻ ደግሞ ጩኸቱ ለሁሉም ተሰምቶ ነዋሪው በሙሉ ደረጃ ወርዶ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። ይህ ማለት ቡና ቀረ ማለት አይደለም። መስኮት ይከፈት፣ የምድጃው አየር መሳቢያ ይብራ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይቆላ፤ ዕጣኑ ደግሞ በረንዳ ካለ ለበረንዳ፣ ከሌለ ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ። በሙቀጫ መውቀጥም ከታች ላለው ጎረቤት ጣሪያው ላይ እንደመደብደብ ነው፤ ወፍጮ አላቸው።

አንድ ወረቀት ላይ የቤቱ አድራሻና የልጃችሁ ስልክ በእንግሊዝኛ ይጻፍና ለእያንዳንዳችሁ ኪስ ይግባ። የጠፋ ሰው ባለበት ይቁም፤ እየሄደ አይፈልግ። የአደጋ ስልክ 911 ነው፤ የአገራችን የፖሊስ 991 መካከለኛዋ 9 በ1 ተተክታ እንደማለት፣ ለማስታወስ አይከብድም። በሜሪላንድ ከ8 ዓመት በታች ያለን ልጅ ብቻውን ቤት ወይም መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ክልክል ነው፤ ጠባቂውም ቢያንስ 13 ዓመት ሊሞላው ይገባል። «ሰፈሩ ያየዋል» የሚባለው ሰፈር እዚህ የለም።

ከሰዓት በኋላ፦ አንድ ነገር ብቻ

ልጃችሁ ናፍቆቱ ብዙ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ዋይት ሐውስን፣ ሊንከንን፣ ሙዚየሙን ሁሉ ሊያሳያችሁ ይነሳል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ በጣም የሚጎዳው፤ «ደክሞናል» ብትሉ የሚከፋው ይመስላችኋል። በሉት። ከምክር ቤቱ ሕንጻ እስከ ሊንከን መታሰቢያ ያለው ሜዳ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በበጋ ሙቀቱ እርጥበት ያዘለ ስለሆነ የፍኖተ ሰላም ቀትር ይናፈቃል። ሙዚየሞቹ አይጠፉም፤ የስሚትሶኒያኖቹ መግቢያም በነፃ ነው፣ ነገም በነፃ ነው።

ደግሞ ሰማይ የሚነካ ሕንጻ ስትጠብቁ ቅር እንዳይላችሁ። በፊልም የምታዩት ኒውዮርክ ነው። ዋሽንግተን ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1910 የወጣ፣ የሕንጻን ከፍታ የሚገድብ ሕግ አለ። ከሁሉ በላይ የሚታየው 169 ሜትር የሚረዝመው የዋሽንግተን ሐውልት ነው፤ ቅርጹን ስታዩ አክሱም ትዝ ይላችኋል። የእኛው ግን ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ ነው፣ የነሱ ድንጋይ በድንጋይ የተካበ። ይህን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ግን የሰፈር እግር ጉዞ ይሁን፤ ሠላሳ ደቂቃ፣ በፀሐይ። የቀን ብርሃን እንቅልፍን ወደ አዲሱ አገር ያስተካክላል። መንገድ ማቋረጥን ተለማመዱ፦ ምሰሶው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ፤ ነጭ የሚራመድ ሰው ሲበራ መሄድ፤ ብርቱካናማ መዳፍ ሲበራ መቆም። መኪና ባይኖርም ጠብቁ። ለምታገኙት ሰው ሁሉ «እንደምን ዋላችሁ» ብትሉ ጥቂቱ ይመልሳል፣ ብዙው ያልፋል። ንቀት አይደለም። የሰው ሕፃን ግን አገር ቤት እንደለመድነው አቅፎ መሳም ይቅር፤ ያንን በእውነት ይደነግጡበታል። ሐበሻ ሱቅ ካለ ግቡ፤ በርበሬና እንጀራ ተደርድሮ ስታዩ ግማሹ ስጋት ይወርዳል። በሌላ ቀን ለጉዳይ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ መንግሥት ቢሮ ብትሄዱም፣ በ2004 በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ አማርኛ አስተርጓሚ ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መጠየቅ መብት ነው።

የሚንቀሳቀስ ደረጃ ገጥሟችሁ የማታውቁ ከሆነ ለመለማመድ አጭሩን ምረጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ዊተን የሚባል የባቡር ጣቢያ አለ፤ ደረጃው 70 ሜትር ይረዝማል፣ በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ረጅሙ ነው ይሉታል። ከአባይ በረሃ ቁልቁለት ጋር ባይወዳደርም ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም። የእናቶች ረጅም ቀሚስ ከፍ ይደረግ፣ እጅ መደገፊያውን ይያዝ፣ በቀኝ በኩል ይቆም፤ ግራው ለሚጣደፍ ሰው ነው። ፈራን ካላችሁ አሳንሰር አለ። ባቡሩ ውስጥ መብላት መጠጣት ክልክል ነው፤ ቆሎም ቢሆን።

ማታ

በበጋ ምሽት 2 ሰዓት ሆኖ ፀሐይ አልጠለቀችም። ዓይን «ገና ነው» ይላል፤ ሰውነት ፍኖተ ሰላም ላይ ዶሮ ሊጮህ እንደሆነ ያውቃል። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲጥላችሁ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትተኙ፤ እስከ ምሽት 2 ወይም 3 ድረስ በወሬ ግፉት። ምሽቱን አገር ቤት አትደውሉ፣ እዚያ ሌሊት ነው፤ ሌሊት የሚጮህ ስልክ መርዶ ይመስላል።

አንድ የጤና ነገር። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ወባ አለ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ውስጥ ማንኛችሁም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ «የአየር ለውጥ ነው» ብላችሁ አትደብቁ፤ ለልጃችሁ ንገሩት፣ ሐኪሙም ወባ ካለበት አገር እንደመጣችሁ ይነገረው። የአሜሪካ ሐኪም ካልተነገረው ወባን ቶሎ ላያስባት ይችላል። ሕክምናው ውድ ስለሆነ የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ከመነሻው ይገባ።

ከዚያ ትተኛላችሁ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይም ቁልጭ ብላችሁ ትነቃላችሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው፤ ሰውነት ሁለትና ሦስት ሌሊት ይህን ያደርጋል። መብራት አታብሩ፣ ሙቀጫ አትፈልጉ፣ ልጃችሁ ነገ ሥራ አለበት። ከራባችሁ ግን ማቀዝቀዣውን ከፍታችሁ ብሉ፤ የልጃችሁ ቤት ነው፣ «በሞቴ» እስኪላችሁ አትጠብቁት፣ ተኝቷል። ስልኩን ይዛችሁ ወደ ሳሎን ውጡ። ፍኖተ ሰላም ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ያችን በርበሬ ያሸከመቻችሁን ጎረቤት ደውሉላትና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ደርሷል» በሏት።